ሁለተኛው ጉርሻ

ዓይኑ ዱቄት አይወድም ነበር። ስለዚህ ወፍጮ ቤቴ ውስጥ ሰዓት በሞላ ቁጥር ሞተሩን አጥፍተን ፊታችንን እንታጠባለን። ልሳኑ በጣሳ ያፈሳል፣ ሀያት ትታጠባለች፤ ከዚያ እሷ ታፈስለታለች። ሦስተኛው ሰውዬ የማንንም ጣሳ ሳይጠብቅ ጭንቅላቱን በርሜሉ ውስጥ ይነክራል። የደሴ ውሃ ነው፣ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ስንጨርስ ከበሩ በላይ ወደተገጠመው ዓይን ቀና ብለን እንደረደራለን፣ እሱም ፊታችንን እየለየ አንድ በአንድ ይቆጥረናል። «አላችሁ። አብሽሩ» ይላል፣ እንደ አክስት በለሰለሰ የሴት ድምፅ። እኛም ወደ ሥራችን እንመለስና ሳይቆይ እንደገና እንነጣለን።

ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ! በሌላ ሰው ቤት ቢሆን እኔም ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

አበጋዝ እባላለሁ። ወፍጮዋን ከአባቴ ነው የወረስኳት፤ አንድ ሞተር፣ አንድ ጥንድ ድንጋይ፣ አንድ ሚዛን፣ በቃ። የፋብሪካ ዱቄት ሳይጠሩት በር ድረስ በሚመጣበት ዘመን እንኳ እህሉን እያየ ማስፈጨት የሚወድ ሰው አይጠፋም፤ በተለይ ለሽሮ። በዚያ ነበር የምንኖረው፣ እኔና ባለቤቴ ትርንጎ። ይመርም።

ይመር ሠራተኛዬ ነው። ገና ጢም ሳያወጣ ከወረኢሉ በኩል መጣና በራፌ ላይ ቆመ። ምሳ እየበላሁ ነበርና «እንብላ» አልኩት። «ይብሉ፣ ጠግቤያለሁ» አለ፤ እያየ ያለው ግን እኔን ሳይሆን ሰሃኑን ነበር። ጠቅልዬ አጎረስኩት። «አንድ ያጣላል» ብዬም ደገምኩት፣ እንደ ወጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልሄደም። እኔ ዘንድ ሆኖ ዘምዘምን አገባ፣ እኔ ዘንድ ሆኖ ወለደ። የወፍጮ ድንጋይ ሲፈጭ ሲፈጭ ይለሰልሳል፤ እየተነሳ በመዶሻ ካልተወቀረ እህሉን ያሻሸዋል እንጂ አይፈጨውም። ውቀራው የይመር ነበር። እኔ አንዴ ሞክሬ ጣቴን ቀጥቅጬ ትርንጎ ስትስቅብኝ ከረመች።

የእጅ ድርሻ የሚባለው ሕግ የመጣው በዚህ ኑሯችን ላይ ነው። ፋብሪካዎቹ ውስጥ ሰው ከታየ ቆይቷል። ሥራ ያጣው ሕዝብ የሚውለው አሮጌው መናኸሪያ ውስጥ ነው፤ አውቶቡስ ከቀረ ወዲህ ባዶውን ቆሞ ስለነበር አግዳሚ ወንበር ደርድረው ሰው ሞሉበት። ጠዋት ይገባሉ፣ እስኪደለደሉ ይቀመጣሉ፣ ማታ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ከተማው «ተሳፋሪ» ይላቸዋል። ሕጉ እንዲህ አለ፦ ሞተር የሰው እጅ ቀምቷል፤ ስለዚህ ሞተር ያለው ሁሉ እንደ ሞተሩ ጉልበት እጅ ይመልስ። ለእኔ ሦስት ደረሰኝ። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ጋ ያለው ነገር ግን ሞተር አይደለም ተባለ፤ ሌላ ስም ወጣለትና አለፉ። አልሸሹም ዞር አሉ! የአባቴ ሞተር፣ ያ ጠዋት ጠዋት እያሳለ የሚነሳው፣ እሱ ሞተር ሆኖ ተገኘ።

ሰኔ ላይ ሕጉን የሚያስጠብቀውን ዓይን ገጠሙልን፣ ሐምሌ ላይ ሦስቱ ተሳፋሪዎች መጡ። ልሳኑ የእኔ እኩያ ነው፤ ቀጭን፣ ልብሱ የታጠበና የተተኮሰ፣ ቀድሞ ልብስ ሰፊ የነበረ። ሀያት ድልድይ መሥራት የተማረች ወጣት ናት፤ ድልድይ አሁን ሰው አይሠራውም። ሦስተኛው ስሙን ነግሮን ነበር፣ ግን በጣም በቀስታ ስለተናገረ ማናችንም አልሰማነውም። ድጋሚ መጠየቅ አፈርንና «ወንድሜ» እያልነው ቀረ። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። የሚሠራ ነገር የለማ! የወፍጮ ቤት ሥራ አንዱ ያፈሳል፣ አንዱ ይቀበላል፣ አለቀ።

እስከ መስቀል የሙከራ ጊዜ ነበር። እስከዚያ ባለቤቱ የመቀበል ምልክት ካላሳየና ሥራው እንደማይበቃቸው ከታየ ሰዎቹ ይመለሳሉ፣ ቤቱም ከድርሻው ነጻ ይሆናል፤ ምልክቱን ካሳየ ግን ደመወዛቸው በእሱ ላይ ነው። ምልክቱ ምን እንደሆነ የሚናገር የለም። ጎረቤቴ ቆርቆሮ ሻጩ እንድሪስ ጆሮዬ ሥር መጥቶ «ቁልፍ እንዳትሰጣቸው። ጋዋን እንዳታለብሳቸው። መጥረጊያ እንኳ እንዳታስይዛቸው» አለኝ። ሰማሁት። ዱቄት ሲፈስ ራሴ ጎንበስ ብዬ ጠረግሁ፣ ሦስቱ እያዩኝ። ሀያት «እኔ ልጥረገው ጋሼ» ስትል «ቁጭ በይ!» ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠች። አፈርኩ፣ ግን ምን ላድርግ?

እንድሪስ ያልነገረኝ ነገር ነበር። በዚያ ክረምት የሰፈራችን ባለሱቅ ሁሉ ምሳውን መደበቅ ጀምሮ ነበር። አንዱ መጋረጃ ጀርባ ይበላል፣ አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላል፣ አንዷ በሯን ገርበብ አድርጋ ቆማ ትጎርሳለች። እኔ ስስት መሰለኝ። «ደሴ እንዲህ ትሁን? ወይ ጊዜ!» እያልኩ ለትርንጎ አማኋቸው። እንድሪስም አይፈረድበትም፤ «ጀርባህን ሰጥተህ ብላ» ብሎ የሰውን ልጅ መምከር ቀላል አይደለም።

እኔና ይመር ምሳ ዕቃችንን በተደፋ ሳጥን ላይ ዘርግተን እንበላለን። «እንብላ» እላለሁ እንደ ወጉ። «ብሉ፣ ይባረክ» ይላሉ ሦስቱም እንደ ወጉ። የራሳቸውን ምሳ ሲያወጡ አላየሁም። ቢኖራቸው ነው፣ ወጣ ብለው የሚበሉት ቢሆን ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ነሐሴ መሐል ላይ፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ መንገዱ ጭቃ የሆነበት ቀን፣ ልሳኑ «ብሉ» ሲል ድምፁ አልወጣም። ቀና ብዬ አየሁት። ጉልበቱ ላይ ያደረጋቸው እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ።

«አንተ ሰው፣ እህል ቀምሰሃል ዛሬ?»

«ብሉ ወንድሜ፤ ደህና ነኝ።»

«ደህና ነኝ? እጅህ እንዲህ እየተንቀጠቀጠ?» ጠቅልዬ ተነሳሁ። «በል ክፈት!»

አየኝ። ያን አስተያየት አልረሳውም። የሚነግረኝ ነገር ነበረው፣ ከበደው። «ይቅርብህ» አለ በቀስታ።

«በሞቴ! አፈር ስሆን ክፈት!»

ከፈተ። አጎረስኩት። «አንድ ያጣላል» አልኩና ደገምኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ቃሪያው ነው» አለ። በጉርሻው ውስጥ ቃሪያ አልነበረም፤ እኔ ግን ልቤ ሞልቶ ስለነበር አላሰብኩበትም። ሀያትንም ሁለት አጎረስኳት፣ ስሙን ያልሰማነውንም ሁለት። ይመር እየሳቀ «ጋሼ፣ ዛሬ ሰርግ አለብን እንዴ?» ይላል። ደስ አለኝ። ከዚያ ክረምት ሁሉ ሰው ሰው የሸተትኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከበሩ በላይ ያለው ዓይን ተናገረ።

«ጋሽ አበጋዝ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ሦስቱንም ተቀብለዋል።»

ቶሎ አልገባኝም። ሲገባኝ ሽሮው ገና ጣቴ ላይ ነበር።

«ምን አደረግሁ? ሰው ማብላት ነው ጥፋቴ?»

«ጥፋትማ የለም ጋሼ። አንድ ጉርሻ ለመንገደኛም ይሰጣል፤ እሱን አንቆጥረውም። ሁለተኛውን የሚያጎርስ ግን መጣላት ያልፈለገ ሰው ነው። አብሮት የማይኖረውን ሰው ቢጣላ ምን ቸገረው? አብረው ሊኖሩ ነው ማለት ነው። አብሽሩ።»

ይህን ያስተማረው የእኛው ሰው ነው። ማሽን ከየት ያመጣዋል? ከእኛው ገበታ በልቶ ያደገ ሰው ቁጭ ብሎ እያንዳንዷን ነግሮታል። እሱን ሰውዬ አንድ ቀን ባገኘው ምን እንደማደርገው እግዜር ይወቅ።

ልሳኑ አንገቱን ደፍቶ ነበር። «አውቅ ነበር» አለኝ። «እኔም ሱቅ ነበረኝ። እኔም አንዲት ሴት አጉርሼ ነው የዘጋሁት። ከዚያ ሁለት ቤት መልሶኛል። ሦስተኛው ቆላ ነው።»

ሦስት ጊዜ የተመለሰ ተሳፋሪ ቆላ ይጫናል፤ የመስኖ ቦይ ይጠርጋል። ከቆላ ድምፅ ይመጣል፣ «ደህና ነን፣ አታስቡ» የሚል። ሰው ሲመጣ ግን ያየ የለም።

ልሳኑን ልመታው እጄን አነሳሁ። ይመር ያዘኝ። «ጋሼ፣ የራበው ሰው ምን ያድርግ?» አለኝ። እጄ ወረደ። ማታ ለትርንጎ ስነግራት ያን የሚያማት ጉልበቷን እያሸች «እና ሳታጎርሳቸው ልትበላ ነበር?» አለች።

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። የእኔም ነገር እንዲያ ሆነ። ማሰናበት አይቻልም። የማስፈጫ ዋጋ መጨመር አይቻልም። መዝጋት ይቻላል፤ ነገር ግን ቤቱን ዘግቶ ሰው ሥራ ያሳጣ ባለቤት ራሱ ተሳፋሪ ይሆናል፣ የተሰናበቱትም እንደ ተመላሽ ይቆጠራሉ። ይህ ማለት እኔ ስዘጋ ልሳኑ ቆላ ይሄዳል። ይህን እያወቅሁ በየቀኑ ፊቱን አየዋለሁ፣ እሱም ያየኛል።

ዓይኑ ደግሞ ሥራ ፈቶ መቀመጥን አይወድም። ስለዚህ ሥራ ተከፋፈልን። ልሳኑ ከረጢቱን ከሚዛን ያነሳል፣ ሀያት ወፍጮው አፍ ላይ ታፈሳለች፣ ወንድሜ ከሥር ይቀበላል፣ ይመር ድንጋዩን ያዳምጣል፣ እኔ እነሱን አያለሁ። አንዲት ሴት ትንሽ ሽሮ እህል በፌስታል ይዛ ስትመጣ አምስት ሰው ብድግ ብለን እንቀበላታለን። አንዷማ ደንግጣ «ምነው፣ ምን አጠፋሁ?» አለች። ሀያት የልቧን ስቃ አታውቅም ነበር፣ ያን ቀን እስክትወድቅ ሳቀች። ጥሩ ልጅ ናት። ሦስቱም ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ እንዴት በቀለለኝ!

ገቢው ለአምስት ሰው ደመወዝ አልበቃም። ከየትም ሊበቃ አይችልም። ዓይኑን ጠየቅሁት።

«አንድ ሰው ማሰናበት ይችላሉ» አለኝ።

«ማንን?»

«አቶ ይመርን። እሱን በፈቃድዎ ነው የቀጠሩት፤ በፈቃድዎ ሊያሰናብቱት ይችላሉ። ሦስቱ ድርሻ ናቸው፤ እነሱ አይነኩም።»

«እሱ እኮ ነው ሥራውን የሚሠራው!»

«ይገባኛል ጋሼ። አብሽሩ።»

«አብሽሩ አትበይኝ!» ብዬ ጣሳውን ወረወርኩበት። ግድግዳውን መታና ወደቀ። ዓይኑ አንድ ጊዜ እንኳ አልከፋውም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ያው በለሰለሰ ድምፁ ፊታችንን እንድንታጠብ ነገረን። ጣሳው ስለተጨማደደ ልሳኑ ውሃውን በእጁ እየቀዳ አፈሰሰልን።

ለይመር አልነገርኩትም። ልነግረው ነው እያልኩ ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። እሱ ግን እኔን ከልጅነቱ ጀምሮ ያነበኛል። አንድ ቀን ድንጋዩን ወቅሮ ሲጨርስ እጁን በጨርቅ ጠረገና መዶሻውን ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ እኔ ልውጣ።»

«ማን ውጣ አለህ?»

«ማንም አላለኝም። እርስዎም አይሉኝም። ለዚህ ነው እኔ የምለው።»

አቀፍኩት፤ ሁለታችንም ዱቄት ስለሆንን ተለያይተን ስንቆም ልብሱ ላይ የክንዴ ቅርጽ ቀርቶ አየሁ። መዶሻውን ትቶልኝ ሄደ። ሀያት አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ልሳኑ ግን ፊቱን አላሳየንም።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ድንጋዩ ለሰለሰ። ሀያት መዶሻውን ይዛ ሞከረች፣ ወንድሜ ሞከረ፣ እኔም ያው ጣቴን ደገምኩት። ይመርን ለአንድ ቀን ብቻ ጠርቼ ላስወቅር ብል፣ የውጭ እጅ ማስገባት ድርሻን መሸሽ ነው ተባልኩ። ዱቄቱ ሸካራ ሆነ፣ ቀጥሎ ጠጠር ያዘ። የሁልጊዜ ደንበኛዬ ወይዘሮ ሙሉቀን ሽሮዋን ይዛ ተመልሳ መጣች። «ጋሽ አበጋዝ፣ ባለቤቴ ጥርሱን ሰበረ እኮ!» አለችኝ፤ ከተቆጣችው ይልቅ ያዘነችው በለጠብኝ። እሷም ቀረች፣ ሌሎቹም ቀሩ። ዱቄት የለም፣ እኛ ግን ሰዓት በሞላ ቁጥር ንጹሑን ፊታችንን እንታጠባለን። በመጨረሻ የሞተሩን መብራት የሚከፍል ጠፋ። ሚያዝያ ውስጥ ሞተሩ ቆመ፣ እኔም በሩን ቆለፍኩ።

ሹፌር የሌላት መኪና አራታችንን ወሰደችን። ልሳኑ በዚያው ሳምንት ተጫነ። ሲሄድ ሸሚዙ እንደ ልማዱ ተተኩሶ ነበር። አልጮኸም፣ አላለቀሰም። ትከሻዬን ይዞ «እህልህን ስለበላሁ ይቅር በለኝ» አለኝ። «ማነው ይቅር ባዩ?» አልኩት። «ቤቱን የዘጋሁት እኔ።»

መናኸሪያው ውስጥ ብዙ ነገር ይማሩበታል። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ የት እንደሚቀመጡ፣ «ብሉ» ሲሉ ድምፅ የት ላይ እንደሚሰበር፣ እጅን ጉልበት ላይ አድርጎ እንዴት እንደሚያንቀጠቅጡ፣ የቆዩት ለአዲሶቹ ያሳያሉ። እርስ በርስ እንለማመዳለን። ይሄኔ ነው የልሳኑ እጅ ትዝ ያለኝ። ሳይጫን በፊት ጠይቄው ነበር፤ የዚያን ቀን በእውነት ነው የተንቀጠቀጥከው ወይስ ተምረኸው? ብዙ አሰበና «እኔም አላውቀውም» አለኝ።

መጀመሪያ የደለደሉኝ ዳቦ ቤት ነው። ባለቤቱ መጋረጃ ጀርባ ይበላ ነበር፤ መለሰኝ። ሁለተኛ ስልክ የምትጠግን ልጅ ጋ ሄድኩ። እሷ ጭራሽ ምሳ መብላት ትታለች፤ ከስታ ከስታ ሳያት የእኔ ልጅ ብትሆንስ እላለሁ። እሷም መለሰችኝ፣ እያለቀሰች። አልተቀየምኳቸውም። እጄንም አላንቀጠቀጥኩባቸውም፤ እንደዚያ ማድረግ አልሆነልኝም እንጂ ደግነት አይደለም። ሦስተኛው ቀረኝ። ከዚያ ወይ አንድ ቤት ያቆየኛል፣ ወይ ቆላ። ትርንጎ ጉልበቷ አላስኬድ ብሏታል፤ ውሃ እንኳ የሚያቀርብላት እኔ ነኝ።

ተሳፋሪውን ሲደለድሉ ሙያ ለሙያ ያዛምዳሉ። አንድ ጠዋት የመናኸሪያው ዓይን ስሜን ጠራ። «ጋሽ አበጋዝ፣ ቅመም መፍጫ ደርሶዎታል። ባለቤቱ አቶ ይመር ይባላሉ። አብሽሩ።»

ማታ ትርንጎ ስትሰማ የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች።

«የእኛ ይመር ቤት?»

«እሱ ቤት።»

«ያጎርስሃል እኮ» አለች። «እሱ አንተን እያየ ብቻውን መብላት አይችልም። ያጎርስሃል።»

«አውቃለሁ።»

«ልጆች አሉት አበጋዝ።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «የፈረሰ ቤት አንድ ይበቃል። እኔ ጎረቤት አላጣም።»

የይመር ቤት ከመንገድ የምትገባ አንዲት ክፍል ናት። ከፊቷ ከእኔ ዘንድ ከወጣ በኋላ በብድር የገዛው ትንሽ ሞተር፣ ከኋላ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ዘምዘምና ልጆቹ። ለትንሽ ሞተር የሚደርሰው አንድ እጅ ነው፤ አንዱ እኔ። ሲያየኝ ይመር የያዘው የኮረሪማ ጣሳ ከእጁ አመለጠ። «ጋሼ» አለ። ዘምዘም ወጥታ ጉልበቴን ሳመች፣ ቀና ስትል ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። እሷም ሁሉን ነገር ታውቃለች።

የሙከራውን ጊዜ ጥግ ላይ ተቀምጬ አሳለፍኩት። ምሳ ሲደርስ ዘምዘም ይመርን ወደ ውስጥ ትጠራዋለች። ይገባል፣ በልቶ ይወጣል፣ አፉን እየጠረገ ወደ እኔ ሳያይ ሞተሩን ያስነሳል። እሰይ፣ እንዲህ ነው እላለሁ በልቤ። ብልህ ሚስት አለችው። ውሸት አልናገርም፣ ይከፋኝም ነበር። በመጋረጃው በኩል የሽሮው ሽታ ሲመጣ ሆዴ ይጮኻል፣ እነሱ እንዳይሰሙት እላለሁ። በርበሬው ሁላችንንም ስለሚያስለቅሰን ግን ማን በምን እንደሚያለቅስ አይታወቅም ነበር፤ ያ ጥሩ ነበር።

የሙከራው ጊዜ ሊያልቅ በዋዜማው ዘምዘም እንደ ልማዷ ጠራችው። ይመር ገባ። ወዲያው ሰሃኑን በእጁ ይዞ ወጣ። ፊቴ መጥቶ ተንበረከከ፣ ሰሃኑንም በመካከላችን አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ እንብላ።»

«ብላ ልጄ፤ ጠግቤያለሁ።»

«ምን በልተው ነው የጠገቡት?»

«ይመር!» ዘምዘም መጋረጃውን ይዛ ቆማለች፣ ትንሿን ልጅ አቅፋ።

«ዝም በይ አንቺ።»

«ዝም አልልም! ጋሽ አበጋዝን እኔም እወዳቸዋለሁ፣ አላህ ያውቃል። ግን ነገ ልጆቹን ምን ልታበላ ነው? ለእሳቸው ደመወዝ ከየት ልታመጣ ነው? እዚያ ወንበር ላይ ልትቀመጥ ነው አንተም?»

ይመር እኔን ነው የሚያየው። «ከወረኢሉ ስመጣ በርዎ ላይ ቆሜ ነበር» አለ። «ማን ነህ ብለው ጠየቁኝ? ስንት ሞተር አለኝ ብለው አሰቡ?» ጠቀለለ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የእሱ እጅ የእውነት ነው፣ ማንም አላስተማረውም። «በሞቴ ጋሼ።»

ጉርሻን እንዴት ይመልሱታል? ያውም ያሳደጉት ልጅ እጅ ላይ ያለውን? ከፈትኩ። ሽሮ ነው፣ ዘምዘም ቅቤ አድርጋበታለች። ከስንት ጊዜ በኋላ የሰው እጅ ያጎረሰኝ ነው፤ አኘክሁት፣ ቶሎ እንዳያልቅም በቀስታ ዋጥኩት። ዓይኑ ከበሩ በላይ ሆኖ ዝም ብሎ ያየናል።

ይመር እንደገና ወደ ሰሃኑ ወረደ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አስበልጦ ጠቀለለው። «አንድ ያጣላል» አለ፣ ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ። ዘምዘም የልጅቷን ፊት ደረቷ ላይ ደበቀችው። እጁ ተነስቶ ወደ አፌ መጣ፣ ደረሰ። ትርንጎ ትዝ አለችኝ፣ ጉልበቷ፣ የመስኮቱ ዳር። አፌን ብከፍት ቆላ ቀርቶ ማታ ማታ ወደ ቤቴ እገባለሁ። በጣም ፈለግሁ። ከዚያ በፊት እንደዚያ አድርጌ የፈለግሁት ነገር አልነበረም።

እጁን በእጄ ይዤ ወደ ራሱ መለስኩት።

«አንዱ ይበቃኛል ይመር» አልኩት። «እንጣላ።»

«ጋሼ—»

«ተጣልተናል አልኩህ! ምሳህን ብላ።»

ጉርሻው እጁ ላይ እንዳለ ቀረ። ዓይኑ ምንም አላለም፤ የሚቆጥረው ነገር አላገኘም። እኔም ልጁ ሳያፍር እንዲበላ ብዬ ወንበሬን አነሳሁና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥኩ።